የልጆች የሆድ ትል፦ ክኒኑን ስትሰጡ ግቢውንም አብራችሁ አክሙ

ገጠር ልጅ ያሳደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ልጁ ሆዱ ይነፋል፣ እምብርቱ ዙሪያ ይቆርጠዋል፣ ይበላል ግን አካሉ ላይ አይታይም። አንድ ቀን ሲጸዳዳ ወይም ሲያስመልሰው ወስፋት ይወጣል። ከጤና ኬላ ክኒን ይመጣና ይውጣል፣ ለጥቂት ጊዜም ደህና ይሆናል። ከወራት በኋላ ያው ነገር ይመለሳል። ያኔ ወይ "ይሄ ክኒን አይሠራም" ይባላል፣ ወይ ደግሞ "ወስፋት የሌለው ልጅ የታለ" ተብሎ ይተዋል።

ክኒኑ ይሠራል። ግን የሚያጸዳው የልጁን ሆድ ብቻ ነው። የሚጫወትበትን አፈር፣ የሚበላበትን እጅ፣ የሚዋኝበትን ወንዝ አይነካም። አፈሩ እንዳለ ከተተወ ልጁ በዓመት ጊዜ ውስጥ ወደነበረበት ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ክኒኑን እንዴት በትክክል መስጠት እንደሚቻል፣ በዚያው ሳምንት ደግሞ ግቢ ውስጥ ምን መሠራት እንዳለበት አብሬ እጽፋለሁ። ገጠር ለምትኖሩ ወላጆች፣ ለመምህራን፣ ከተማ ወይም ውጭ አገር ሆናችሁ የወንድም የእህት ልጆችን ለምትረዱም ጭምር ነው።

በየት በየት ነው የሚገቡት?

"የሆድ ትል" ብለን በአንድ ስም ብንጠራቸውም መግቢያ በራቸው የተለያየ ነው። በሩን ካላወቅን መከላከያውን እንስታለን።

ወስፋት በአፍ ነው የሚገባው። አንዲት ሴት ወስፋት በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች፣ እንቁላሉም በዓይን አይታይም። የሚወጣው ከዓይነ ምድር ጋር ነው። ትኩስ ሳለ ሰው አይዝም፣ እርጥብና ጥላ ያለው አፈር ላይ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው የሚበስለው። ከበሰለ በኋላ ግን አፈር ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፦ ዓይነ ምድሩ ደርቆ ጠፍቷል፣ ዝናብ አጥቦታል፣ ቦታው ንጹሕ ሜዳ ይመስላል፣ ልጆቹ ብይ ይጫወቱበታል፣ ከዚያ በዚያው እጅ ቆሎ ይቅማሉ። እንቁላሉ አንጀት ውስጥ ሲፈለፈል ጩጬው ትል በደም ሥር ወደ ሳንባ ይሄዳል፣ በጉሮሮ ወጥቶ እንደገና ይዋጥና ተመልሶ አንጀት ውስጥ ያድጋል። አንዳንድ ልጅ ትሉ ከመታየቱ ከሳምንታት በፊት ደረቅ ሳል የሚያስለው ለዚህ ነው።

መንጠቆ ትል የሚባለው ደግሞ በአፍ ሳይሆን በቆዳ ይገባል፣ አብዛኛውን ጊዜ በባዶ እግር። እንቁላሉ እርጥብ አፈር ላይ ይፈለፈላል፣ ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ቆዳ የሚበሳ እጭ ይሆናል። ልጁ ጣቶቹ መሃል ያሳክከዋል፣ ሽፍ ይልበታል፣ ያልፋል፣ ሰው ይረሳዋል። ትሉ ግን አንጀት ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል። በግሌ ከሁሉም በላይ የምፈራው ይህንን ነው፣ ምክንያቱም እንደ ወስፋት ወጥቶ አይታይም። ልጁ ቀስ እያለ ደሙ ያልቃል፣ ይዝላል፣ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፣ "ሰነፍ ነው" ይባላል።

ጅራፍ የመሰለች 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ የምትሆን ትልም አለች። መንገዷ እንደ ወስፋት በአፍ ነው። ስትበዛ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ታመጣለች፣ ሲብስ የትንንሽ ልጆች ፊንጢጣ እስከ መገልበጥ ይደርሳል።

ቢልሃርዚያ የውሃ ጉዳይ ነው። ቀንድ አውጣ ካለበት ወንዝ፣ መስኖ ወይም ሐይቅ ዳር ልጁ ሲዋኝ፣ ልብስ ሲያጥብ ወይም ከብት ሲያጠጣ በቆዳው ይገባል። ጣና ዙሪያ ላደጉ ልጆች ይህ አዲስ ወሬ አይደለም። የአንጀቱ ዓይነት ደም ያለበት ተቅማጥና የሆድ ሕመም ያመጣል፣ ለዓመታት ሳይታከም ከቆየ ጉበትን ይጎዳል። በአንዳንድ ቆላማ አካባቢዎች ያለው ሌላው ዓይነት ደግሞ ሽንትን ደም ያስመስላል።

ጃርዲያና አሜባ ትል አይደሉም፣ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታዩ ጥቃቅን ናቸው። በቆሸሸ ውሃና ምግብ ይገባሉ። ጃርዲያ ቅባት ያለው የሚመስል፣ በጣም የሚሸት ተቅማጥና ብዙ የሆድ ጋዝ ያመጣል። የትል ክኒን አንዴ መዋጥ እነዚህን አያጠፋም። "የትል መድኃኒት ሰጥቼው ተቅማጡ አልቆመም" የሚል ወላጅ ካለ ልጁን ለሰገራ ምርመራ ይውሰደው።

ኮሶ ከጥሬ ሥጋ ነው። ከብቱ ኮሶ ያለበት ሰው የተጸዳዳበትን ሣር ይግጣል፣ እኛ ደግሞ ሥጋውን ሳናበስል እንበላለን። በዓል ላይ ለልጅ ጥሬ ቁራሽ ማጉረስ የፍቅር ምልክት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ለልጅ አብስሉለት።

ስኳርና ጣፋጭ ትል ይፈጥራል የሚባለው እውነት አይደለም። የእበት ወለልም የወስፋት ምንጭ አይደለም። በዋናነት የወስፋትም የመንጠቆ ትልም ምንጭ የሰው ዓይነ ምድር ነው። ይህንን አንድ ነገር ከያዛችሁ የቀረው ሁሉ ይገባችኋል።

ልጁን ብርሃን ላይ አውጥታችሁ እዩት

ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። ልጁን ደጅ አውጡትና መዳፉን ከእናንተ መዳፍ ጎን አድርጋችሁ አወዳድሩ። ነጣ ካለ፣ የታችኛውን የዓይን ቆብ ዝቅ አድርጋችሁ ውስጡን ተመልከቱ። ቀይ መሆን ሲገባው ገርጥቶ ካያችሁት ደም አንሶታል ማለት ነው፣ ይህ በክኒን ብቻ የሚያልፍ ስላልሆነ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይታይ። አፈር ወይም የግድግዳ ጭቃ የሚልስ ልጅም አትምቱት። ብዙ ጊዜ የብረት ማዕድን እጥረት ምልክት ነው፣ በዚያው አፈር ደግሞ የወስፋት እንቁላል ይውጣል።

ከባድ የሆነውን ቀድሜ ልናገር። ልጁ ሆዱ ተወጥሮ፣ እየመላለሰ አጥብቆ እያመመው፣ ደጋግሞ ካስመለሰው (አረንጓዴ ይሁን ትል ያለበት) እና ሰገራም ፈስም ካልወጣው፣ ወስፋት አንጀቱን ዘግቶት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ቤት ውስጥ የትል ክኒን አትስጡ፣ የሀገር መድኃኒትም አታጠጡ፣ ምግብም አታስገድዱ። ሌሊትም ቢሆን መኪና ፈልጋችሁ ወደ ሆስፒታል ነው። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ከትኩሳት ጋር ከመጣ ወይም ልጁ ዓይኑ ጎድጉዶ መጠጣት ካቃተውም እንደዚሁ አትዘግዩ።

ለሰገራ ምርመራ ስትሄዱ ናሙናው ትኩስ ይሁን። ጠዋት ቤት ተቀብሎ ሁለት ሰዓት በእግር ተጉዞ የደረሰ ናሙና ላይ አሜባና ጃርዲያ ቢኖሩም ላይገኙ ይችላሉ። ከተቻለ እዚያው ጤና ጣቢያ ይስጥ። ሽንትና አፈር አይቀላቀልበት። አንድ ጊዜ "ምንም የለም" ስለተባለም አትደምድሙ፣ የትሎቹ እንቁላል በየቀኑ እኩል አይወጣም። ልጁ ካልተሻለው ሌላ ቀን ይደገም።

ክኒኑ

አብዛኛው ሰው የሚያውቀው አልቤንዳዞል ወይም ሜቤንዳዞል ነው። በዘመቻ ሲሰጥ አንድ ጊዜ የሚዋጥ ነው፦ አልቤንዳዞል 400 ሚሊ ግራም ወይም ሜቤንዳዞል 500 ሚሊ ግራም። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም። ከ1 እስከ 2 ዓመት ላለ ልጅ አልቤንዳዞሉ ግማሽ ማለትም 200 ሚሊ ግራም ነው፣ ይህንን ዕድሜ ግን ራሳችሁ ከመስጠት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ብትጠይቁ ይሻላል። እርጉዝ ሴት፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት፣ ያለ ባለሙያ አትውሰድ።

ሁለቱም ወስፋትን በደንብ ይመታሉ። ለመንጠቆ ትል አንድ ጊዜ ሲዋጥ አልቤንዳዞል የተሻለ ነው። ጅራፍ የመሰለችው ትል ግን በአንድ ክኒን ብዙውን ጊዜ አትለቅም። ቢልሃርዚያ ሌላ መድኃኒት አለው፣ ፕራዚኳንቴል ይባላል። በልጁ ክብደት ወይም በቁመቱ ተለክቶ ነው የሚሰጠው። ትምህርት ቤት ውስጥ ምልክት በተደረገበት እንጨት ልጆች ቁመታቸው ሲለካ አይታችሁ ከሆነ ለዚህ ነው። ይህን መድኃኒት ባዶ ሆድ መውሰድ ያቅለሸልሻል፣ በጣምም ይመራል። ልጁ እንጀራም ይሁን ዳቦ በልቶ፣ ሳያላምጥ በብዙ ውሃ ይዋጠው።

አሁን አንድ ነገር ቆም ብዬ ልናገር፣ ምክንያቱም የልጅ ሕይወት የሚያልፍበት ነገር ነው። ትንሽ ልጅን አስተኝቶ፣ አፍንጫውን ይዞ፣ እያለቀሰ ክኒን አፉ ውስጥ መክተት አደገኛ ነው። ክኒኑ ወደ አየር ቧንቧ ገብቶ ሊያንቀው ይችላል። አልቤንዳዞሉን ወይም ሜቤንዳዞሉን በሁለት ንጹሕ ማንኪያዎች መካከል አድርጋችሁ እስኪልም ድረስ ጨፍልቁት። ትንሽ የፈላ የቀዘቀዘ ውሃ ጨምሩበት። ልጁ ቀጥ ብሎ ጭናችሁ ላይ ይቀመጥ፣ ጥቂት ጥቂት እየቀመሰ ይጨርስ። ካለቀሰ ተዉት፣ ዝም ሲል እንደገና ሞክሩ። እምቢ ካለ ነገም ቀን ነው። ትኩሳት ያለበት ወይም በጣም የታመመ ልጅ መጀመሪያ ሕመሙ ይታይለት፣ ክኒኑ ይቆየው።

ከዋጠ በኋላ ትንሽ ሆድ ቁርጠት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ራስ ምታት ቢመጣ አትደንግጡ። ብዙ ትል የነበረበት ልጅ ላይ ይበረታል፣ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ያልፋል። ትል ቢወጣም ጥሩ ነው፣ ባይወጣም መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም። የወጣውን ግን ሜዳ ላይ አትተዉት፣ ሽንት ቤት ጨምሩት።

በዓመት ስንቴ? የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እንደ አካባቢው ነው፦ ከልጆቹ 20 በመቶና ከዚያ በላይ የተያዙበት ቦታ በዓመት አንድ ጊዜ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ሁለት ጊዜ። የእናንተን ቀበሌ ሁኔታ የጤና ኬላዋ ባለሙያ ታውቃለች። የተሰጠበትን ቀን የክትባት ካርዱ ጀርባ ላይ ጻፉት።

የቤቱ ልጆች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይውሰዱ። አንዱን አክሞ አራቱን መተው ድካም ነው።

በዚያው ሳምንት ግቢው

ከሁሉ በፊት የምጀምረው ከሕፃኑ ነው። ብዙ ቤት ሽንት ቤት አለ፣ አዋቂው ይጠቀማል፣ የሁለት ዓመቷ ልጅ ግን ከቤት ጀርባ ትጸዳዳለች፣ አፈር ይመለስበታል ወይ ውሻ ይበላዋል፣ ሁሉም ሰው "የልጅ ሰገራ ምን አለው" ይላል። አለው እንጂ። ትል በብዛት የሚይዘው ልጆችን ስለሆነ እንቁላሉ የሚበዛውም በእነሱ ሰገራ ውስጥ ነው። ፖፖ መግዛት ካልተቻለ የተሰበረ ጎድጓዳ ፕላስቲክ፣ ግማሹ የተቆረጠ ጀሪካንም ይሆናል፣ ጠርዙ እንዳይቆርጣት ብቻ በእሳት አለስልሱት። ውስጡ አመድ ነስንሱ፣ ከተጠቀመች በኋላ ሽንት ቤት ድፉ፣ ያጠባችሁበትንም ውሃ እዚያው። ከዚያ የእናንተም የእሷም እጅ ይታጠብ። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምታደርጉ ከሆነ ይህንን አድርጉ።

ሽንት ቤቱን በተመለከተ፣ ከጉድጓድ ውሃ ወይም ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ቁልቁለት በሆነው ወገን ይሁን። ወለሉ የሚጠረግ ይሁን። ጭቃ የሆነና ሰገራ የነካው ወለል ላይ በባዶ እግር መቆም ለመንጠቆ ትል መመቻቸት ነው፣ እንዲህ ያለ ሽንት ቤት ከሜዳው አይሻልም። ሲሚንቶ ከጠፋ በደንብ ተመትቶ የተለሰነ ወለልም ይሠራል፣ እየደረቀ እስከተጠረገ ድረስ። ክዳን ይኑረው፣ አመድ ይነስነስበት። ልጆች ደግሞ ጨለማና ሰፊ ቀዳዳ ይፈራሉ፣ እውነታቸውን ነው። ከላዩ ላይ የሚደረብ ጠበብ ያለ ቀዳዳ ያለው ጣውላ ሥሩላቸው፣ በሩ በኩል ብርሃን ይግባ። የሚፈሩትን ቤት በቁጣ አይለምዱትም።

ቀጥሎ እጅ። ሽንት ቤቱ አጠገብ ውሃ ከሌለ ማንም ልጅ ተመልሶ ቤት ገብቶ አይታጠብም። ስለዚህ እዚያው ስቀሉለት። አንድ የሁለት ሊትር ሃይላንድ ፕላስቲክ ውሰዱ። ቀጭን ምስማር በእሳት አግላችሁ ከታች ከመቀመጫው ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ አንድ ቀዳዳ ብሱት። ቀዳዳውን በጣት ይዛችሁ ውሃ ሙሉትና ክዳኑን አጥብቁ። ክዳኑ ጥብቅ ሲል ውሃው ይቆማል፣ ላላ ሲያደርጉት በቀጭኑ ይወርዳል። በሽቦ ወይም በገመድ ልጁ በሚደርስበት ቁመት እንጨት ላይ እሰሩት። ሳሙናውን አሮጌ ካልሲ ውስጥ ከታችሁ አጠገቡ አንጠልጥሉት፣ ቁራና ውሻ እንዳይወስደው፣ አፈር ላይም እንዳይወድቅ። ከነካልሲው ሲታሽ አረፋ ያወጣል። ሳሙና ባለቀ ጊዜ አመድ ይተካል። ጠዋት ጠዋት ሃይላንዱን መሙላት ለአንደኛው ልጅ ሥራ ይሰጠው፣ ልጆች የራሳቸው ኃላፊነት ሲኖር አይረሱም።

ይህ ወሬ ብቻ አይደለም። በፈረንጆቹ 2015 የታተመ፣ ትግራይ ውስጥ ከ6 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። ለ6 ወር በሳሙና እንዲታጠቡ ክትትል ከተደረገላቸው ልጆች በአንጀት ጥገኛ እንደገና የተያዙት 14 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልተደረገላቸው 29 በመቶ ተይዘዋል። በየሳምንቱ ጥፍራቸው የተቆረጠላቸው ላይም ልዩነት ታይቷል፦ 17 በመቶ ከ26 በመቶ። ጥፍር መቁረጥ ብር አይጠይቅም። ቅዳሜን ወይም እሁድን የጥፍር ቀን አድርጉት። ቤት ያለው ምላጭ ብቻ ከሆነ አዋቂ ይቁረጥላቸው፣ ምላጩንም ከሰው ጋር አትዋዋሱት።

ጫማ ለመንጠቆ ትል ዋነኛው መከላከያ ነው። ኮንጎ ጫማም ቢሆን ይሆናል። የማየው ችግር ልጁ ጫማ ኖሮት ለቤተ ክርስቲያን፣ ለመስጊድና ለገበያ ብቻ ማድረጉ ነው፣ እርሻና ሽንት ቤት ግን በባዶ እግሩ ይሄዳል። መሆን ያለበት በተቃራኒው ነው። አንዱ ጥንድ ለጭቃው ይሁን፣ ያርጅበት።

ውሃና ምግብ ላይ የሚሸወዱበት

ውሃ አጋር ወይም ሌላ ክሎሪን ውሃ ውስጥ መጨመር ጥሩ ነው፣ ብዙ የተቅማጥ ጀርሞችን ይገድላል። የወስፋትን እንቁላል ግን አይገድልም። ጃርዲያም ክሎሪንን ይቋቋማል። ማፍላት ሁሉንም ይገድላል። ለትንንሾቹ የሚጠጣውን ቢያንስ አፍሉላቸው። የፈላውን ውሃ እጅ በሚገባበት እንስራ ሳይሆን አፈ ጠባብ በሆነ ጀሪካን አስቀምጡ፣ በእጅ የተያዘ ጣሳ አይነከርበት።

በወንዝ ውሃ የለማ ጎመን፣ ሰላጣና ካሮት ቅጠል በቅጠል እየታሸ ደጋግሞ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። አቼቶ ብቻ ነክሮ ማውጣት የወስፋት እንቁላል ላይ አያስተማምንም። መቀቀል ያስተማምናል። ካሮት ከማሳ ነቅሎ ቀሚስ ላይ ጠርጎ መብላት የልጅነት ደስታ ነው፣ ቢያንስ ልጣጩ ይፋቅ።

ደም ላነሰው ልጅ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ እንቁላል፣ ከተገኘም ሥጋ ስጡት። ከምግቡ ጋር ሻይና ቡና አትስጡት፣ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳሉ። በምትኩ ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ ወይም ብርቱካን ይረዳል።

ወንዙ

ልጅን ወንዝ አትሂድ ማለት አይሠራም። ከብት ያጠጣል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ይዋኛል። ቢልሃርዚያ ያለበት ቦታ የሚረዱ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ሰዓት ነው። ከቀንድ አውጣው የሚወጣው እጭ የሚበዛው ፀሐይ ሲበረታ ነው፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ገደማ። ልጆች ደግሞ የሚዋኙት ልክ በዚያ ሙቀት ነው። ውሃ መቅዳትም ልብስ ማጠብም ማለዳ ቢሆን አደጋው ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ሁለተኛው ማሳደር ነው። እጩ ያለ ሰው ቆዳ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ አይኖርም፣ ስለዚህ የተቀዳ ውሃ ቀንድ አውጣ ሳይኖርበት ተከድኖ ሁለት ቀን ካደረ ለገላ መታጠቢያ ይሆናል። ለመጠጥ ግን ማፍላቱ አይቀርም።

እዚህ ላይ እንዶድን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በፈረንጆቹ 1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ውስጥ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወራጅ ውሃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። እናቶቻችን ሸማ የሚያነጡበት ፍሬ በሽታ የሚሸከመውን ቀንድ አውጣ ይገድል ነበር። በፈረንጆቹ 1989 ዶክተር አክሊሉ ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። ይህን ታሪክ ገጠር ላሉ ተማሪዎች ስትነግሯቸው ዓይናቸው ይበራል። ግን በራሳችሁ ተነስታችሁ ወንዝ ውስጥ እንዶድ አትጨምሩ፣ ዓሣም ይገድላል። ልጆችም በምንም መንገድ እንዳይጠጡት።

ኮሶ፣ መተሬና እንቆቆ ለልጅ?

አይሆንም። አያቶቻችን ኮሶ ጠጥተው መዳናቸውን አልክድም፣ እነዚህ ዕፅዋት በእርግጥ ትል ያስወጣሉ። ችግሩ መጠኑ ነው። ኮሶ ሲበዛ ከባድ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል፣ የዓይን ብርሃን እስከ ማጥፋት የደረሰበትም አጋጣሚ አለ። የተዳከመ ልጅ ይህን አይችልም። አያት "እኛ በዚህ ነው ያደግነው" ብለው ሲቆጡ አትጋጯቸው፣ ክኒኑን በእሳቸው እጅ አስጡት። ብዙ ቤት ውስጥ ነገሩ በዚህ ያልፋል።

ትምህርት ቤት ላላችሁ

አገር አቀፉ የትምህርት ቤት የትል መድኃኒት ዘመቻ በ2008 ዓ.ም. ነው የተጀመረው፣ ትኩረቱም ከ5 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች ላይ ነው። መምህራን፣ ቀኑን ለወላጅ ቀድማችሁ ንገሩ፣ ልጆቹ በልተው እንዲመጡ። ያን ቀን የሚቀሩት ብዙ ጊዜ በጣም የሚያስፈልጋቸው ናቸው፦ ከብት የሚጠብቁት፣ ትምህርት ያቋረጡት፣ ሰው ቤት የሚያገለግሉት። ተመዝግበው የማይማሩ ልጆችን ታላላቆቻቸው ይዘዋቸው እንዲመጡ አስነግሩ። "ክኒኑ ያመክናል" የሚል ወሬ ከተነሳ መምህሩ የራሱን ልጅ አምጥቶ ሁሉም ፊት ሲያስውጥ ወሬው ይበርዳል።

ከሩቅ ሆናችሁ ለምትረዱ

ውጭ አገር ያላችሁ፣ ልጅ ሆናችሁ ጣና ዳር ወይም መስኖ ውስጥ ከዋኛችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ። የቢልሃርዚያ ትል ሰውነት ውስጥ ለዓመታት መኖር ይችላል፣ አውሮፓ ወይም አሜሪካ ያለ ሐኪም ካልነገራችሁት ላያስበው ይችላል። ክረምት ላይ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስትመጡም ያው ነው። ሐይቁን በጀልባ እዩት፣ ውሃው ውስጥ ግን አታስገቧቸው።

ለዘመድ ስትልኩ ደግሞ ክኒን ሻንጣ ሙሉ አትላኩ። በዘመቻ በነፃ ይሰጣል፣ ያለ ባለሙያ የሚከፋፈል ክኒን ደግሞ ማን ስንት እንደዋጠ አይታወቅም። ለእያንዳንዱ ልጅ የሚያረጅ ሁለተኛ ጫማ፣ ለዓመት የሚሆን ሳሙና፣ ለሽንት ቤቱ ወለል ሲሚንቶ፣ ለትንሿም አንድ ፖፖ ይግዙበት። በስልክ ስታወሩ "ሽንት ቤት አላችሁ ወይ" ብላችሁ አትጠይቁ፣ ሁሉም አዎ ነው የሚለው። "ትንሿ የት ነው የምትጸዳዳው?" ብላችሁ ጠይቁ።